እኛ አገር እንዲህ የለም

ባሕር ዳር በገባሁ ቁጥር ዘመድ አዝማድ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። አንደኛው የደቡብ አፍሪካው ገንዘብ፣ የራንድ ምንዛሪ ነው። ሁለተኛው «ነጮቹ አሁንም ይንቋችኋል ወይ?» የሚል ነው። የምኖረው ጆሃንስበርግ ነውና መልስ አይቸግረኝም፤ የባቡሩን ነገር እነግራቸዋለሁ።

ከኦሊቨር ታምቦ አውሮፕላን ማረፊያ ጋውትሬን የሚባል ፈጣን ባቡር አለ። ማስቲካ ማኘክ እንኳ ክልክል ነው፣ ያን ያህል ንጹሕ ነው። ማርልቦሮ የሚባል ጣቢያ ስትደርሱ የድሆቹ ጥቁሮች ሰፈር የአሌክሳንድራ ቆርቆሮ ጣሪያ አንዱ ባንዱ ላይ ተዛዝሎ ይታያል። ከዚያ ባቡሩ መሬት ውስጥ ይገባል። ቀጣዩ ጣቢያ ሳንድተን ነው፤ ባንኩ፣ የአክሲዮን ገበያው፣ የመስታወት ፎቁ ሁሉ እዚያ ነው።

መጀመሪያ አገሩን ስረግጥ ያስደነገጠኝ ድህነቱ አይደለም። ድህነትማ የት ሄጄ! የገረመኝ በማስመሪያ የተሰመረ መምሰሉ ነው። ለካ በሕግ ተሰምሯል። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው አዋጅ ሰፈሩን ሁሉ በዘር ሸንሽኖታል፤ የተሻረው በ1991 ነው። አሌክሳንድራ የተቆረቆረችው በ1912 ስለሆነ ጥቁሮች በአብዛኛው አገር መሬት እንዳይገዙ የከለከለውን የ1913ቱን የመሬት ሕግ ለጥቂት ቀድማዋለች። ስለዚህ ጥቁሮች እዚያ ቦታ መግዛት ችለው ነበር። ማንዴላም በ1941 ከገጠር ሲመጣ እዚያ ተከራይቶ ኖሯል።

እኛ ሐበሾቹስ? ከሁለቱም አይደለንም። ሎኬሽን ገብተን (የጥቁሮቹን ሰፈር የምንጠራው እንዲህ ነው) ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆነን ዳቦና ዘይት እንሸጣለን። እ.ኤ.አ. በ2008 በመጤዎች ላይ የተነሣው ጥቃት የጀመረው እዚያው አሌክሳንድራ ነው።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ከንፈሯን ትመጥጣለች። «ተመስገን ነው ልጄ፤ እኛ አገር እንዲህ የለም።»

ላይ ላዩን ካያችሁት ልክ ናት። ዘንባባው ለሁሉም ያጠላል። ፎቁ ጎን የጭቃ ቤት አለ፣ ባለፎቁም ባለጭቃ ቤቱም አንድ ባጃጅ ይሳፈራሉ። ግን የሆቴሉንና የሎጁን አጥር አልፋችሁ ወደ ጣና ውረዱ። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። አስፋልቱም ፎቁም ሳይመጣ በፊት በዚህ ውኃ ዳር ኖረዋል። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። መስጊድ ይሄዳሉ። ከኔ ጋር አንድ ወረፋ ላይ ቢቆሙ ማን ማን እንደሆነ አትለዩም። ሆኖም ጉማሬ ይበላሉ ተብሎ ክርስቲያኑም ሌላው ሙስሊምም አብሯቸው ማዕድ ሳይቆርስ ዘመናት አልፈዋል። ጋብቻማ አይነሣ።

እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ሊሻገርባት «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሲያሠራ ደንገሉ የሄደው ከጣና ነው። ደንገሉ ውቅያኖስ ወረደ። ደንገል አጫጁን ግን ጎረቤት ቡና አይጠራውም።

«እነሱስ?» አልኳት አክስቴን።

«እነሱማ ወይጦ ናቸው» አለችኝ። መልሱ ይኸው ነው፤ የሚጨመርበት ነገር ያለም አልመሰላት።

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ ከ1913 ወዲህ በዘሩ ምክንያት የተፈናቀለ ሰው እስከ 1998 መጨረሻ መሬቱን ወይም ካሳ መጠየቅ ይችል ነበር። አፈጻጸሙ ያሳፍራል፤ እየጠበቀ የሞተ ብዙ ነው። ቢሆንም የሚሞላ ፎርም ነበር፣ የሚንኳኳ በር ነበር። ከተማው በሰፋ ቁጥር ከውኃው ዳር እየተነሣ የተገፋ የወይጦ ቤተሰብ ምን ብሎ ያመለክታል? «ንቀውኛል» ተብሎ ማመልከቻ አይጻፍ። የናቀውም ሕግ አይደለም፤ እኔን ያሳደጉኝ ደግ ሰዎች ናቸው። ጆበርግ ሆኜ ስለ ነጮቹ ስናገር እንዴት እንደሚቀለኝ የታወቀኝ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ታንኳ ሠሪ ሽማግሌ ቤታቸው ቡና ጠሩኝ። አክስቴን አብረን እንሂድ ብላት «እግሬን ያመኛል» አለች። በማግስቱ ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞረችው።