ይድረስ ከደረሰኝ ግርጌ ለሚኖሩት ክቡር ቫት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ ልል ነበር፤ ለመናፈቅ መቼ ጊዜ ሰጡኝ!

እሁድ ዕለት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ተቀምጬ የአሳ ጥብስ አዘዝኩ። ሜኑው 400 ብር ይላል። በልቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ሐይቁን እያየሁ ሳለ ደረሰኙ መጣ። አገልግሎት 10 በመቶ፣ 40 ብር። ቀጥሎ እርስዎ፦ 15 በመቶ፣ 66 ብር። ከአሳው ብቻ አይደለም የቆረጡት፤ ከአስተናጋጁ ትሕትናም ጭምር ነው። 506 ብር ከፈልኩ። እሱንም ከደመወዜ፤ ታላቅ ወንድምዎ የሥራ ግብር እጄ ሳይገባ ቀምሶት ያለፈውን።

ዘመዶችዎን ስለማውቅ አደንቅዎታለሁ። አያትዎ አስራት ከአውድማ እህል ያስሰፍሩ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አስራትን ሽሮ ሲመጣ፣ የጎጃም ገበሬ ርስቴ በመለኪያ ገመድ፣ በቀላድ ሊለካ ነው ብሎ ሸፈተ። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ መንግሥት ራሱ ውዝፉን ማረ። ጥፋቱ በር ማንኳኳቱ ነበር። ቀላድ ይዞ የመጣ ሰው ከሩቅ ይታያላ! ሌላው ዘመድዎ የቡና ቀረጥም ቢሆን የቡና ዋጋ ሲወድቅ ገቢው አብሮ ይወድቅ ነበር።

እርስዎ ግን በ1995 ዓ.ም. የሽያጭ ታክስን ወንበር ሲረከቡ ነገሩ ገብቶዎታል። መሬቴን አይለኩም፤ ጉርሻዬን ይለካሉ እንጂ። ከጣት በማትበልጥ ወረቀት ላይ ማን ይሸፍታል? በቪኤይት የመጣውም፣ በባጃጅ የመጣሁት እኔም ለአንድ አሳ እኩል 66 ብር!

አንድ ሐሜት ልንገርዎ። ስምዎን ጠርቶ የሚቀበለኝ ሁሉ ለእርስዎ አያደርስም። ባለፈው ወር ቀለም ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» አለኝ። በደረሰኝ ስለው ማሽኑ ወዲያው ታመመ። ያለ ደረሰኝ ስለው ዋጋው ቀነሰ። እኔም፣ አልዋሽዎትም፣ ቀለሜን ይዤ ውልቅ።

ለቅዳሜ ከአስጋሪው እጅ፣ ከታንኳ ላይ ጥሬ አሳ ልገዛ አስቤያለሁ። ደንገል ላይ ማሽን አይሰካም። ማወራረጃው ለስላሳ ላይ ግን እንደሚጠብቁኝ አውቃለሁ።

አክባሪዎ፣
66 ብር የጎደለበት