ለሳጥን ይህን ያህል ብር?

ጃፓን ያለን ሐበሾች ለአገር ቤት ስጦታ ስንገዛ የሚያናድድ ልማድ አለን። በማኪኤ፣ ማለትም እርጥብ ቅብ ላይ የወርቅ ዱቄት በመነስነስ፣ ያጌጠውን የእንጨት ሳጥን ዋጋ እናይና «ለሳጥን?» ብለን፣ አጠገቡ ያለውን ወርቃማ አበባ የታተመበት ፕላስቲክ አንስተን እንወጣለን። ሽሮ ሜዳም መሶብ ስንገዛ የሰፊዋን ወራት ከሂሳብ አናስገባም፣ ስለዚህ ሊገርም አይገባም።

ሳጥኑ የሚቀባበት ኡሩሺ የሚባለው ሙጫ ከአሥር ዓመት በላይ ካደገ ዛፍ ይደማል፤ አንዱ ዛፍ በወቅቱ 200 ግራም ገደማ ይሰጥና ይቆረጣል። ጥሬው ቆዳ ላይ ካረፈ ሽፍታ ያወጣል። አደራረቁ ደግሞ ጉድ ነው! የእኛ አናጢ ቨርኒሽ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። ኡሩሺ የሚጠነክረው በውስጡ ባለው ኢንዛይም ስለሆነ እርጥበት ይፈልጋል፤ ከ70 እስከ 80 በመቶ እርጥበት ያለው፣ ለብ ያለ ቁም ሣጥን ውስጥ ይዘጋበታል። እርጥበቱ ካነሰ እጅ ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል። ቅቡ ከወፈረ ደግሞ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሸበሸባል። እናም ስስ እየቀቡ፣ እያደረቁ፣ እየሞረዱ መደራረብ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

ጌጡ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ንድፉ ቀይ የብረት ዝገት ዱቄት በገባበት ኡሩሺ፣ በቀጭን ብሩሽ ይሣላል። ከዚያ የወርቅ ዱቄት፣ አፉ ላይ ስስ ጨርቅ ከተወጠረበት ቱቦ፣ በጣት መታ መታ እየተደረገ ይነሰነሳል። ጭንቁ ሰዓቱ ነው፦ መስመሩ ገና እርጥብ ከሆነ ወርቁ ሰምጦ ይጠፋል፣ ካለፈበት ደግሞ ሳይዝ ይረግፋል። ቶጊዳሺ በሚባለው ስልት ይህ ሁሉ እንደገና በጥቁር ኡሩሺ ይሸፈናል! ሲደርቅ በውሃ በራሰ ከሰል ይፈተጋል፣ ወርቁ ከጥቁሩ እኩል እስኪወጣ። እጅ ትንሽ ከከበደ ሥዕሉ ከነወርቁ ይታጠባል፤ የስንት ሳምንት ድካም በአንድ ፍተጋ።

ሌላው ራደን ነው፤ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተሸርክቶ ይለጠፋል። ቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ባለው የጃፓናዊው ሠዓሊ የኦጋታ ኮሪን የጽሕፈት ሳጥን ላይ አበባና ድልድይ ይታያል፤ አበቦቹ ከዚሁ ቅርፊት፣ የድልድዩ ሳንቃዎች ከእርሳስ ብረት ናቸው። ርካሽ ብረት ከወርቅ አጠገብ! ድፍረት ይሏል ይህ ነው።

ጨክኖ እውነተኛውን ለገዛ ሰው አንድ ማሳሰቢያ፦ የበጋው የአዲስ አበባ ደረቅ አየር እንጨቱን ያኮማትራል፣ ቅቡም ይሰነጠቃል። ፀሐይ ያደበዝዘዋል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ለእንግዳ ይታይ ተብሎ መስኮት ሥር አይቀመጥ።