ሚስማር የማያስመታ አከራይ

አከራዬ ቤቱን ያሳዩኝ ቀን ሦስት ነገር ነገሩኝ። ውኃ በሳምንት ሁለቴ ሌሊት ይመጣል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የግቢው በር ይቀረቀራል። ግድግዳ ላይ ሚስማር አይመታም።

«ሌላውን እንነጋገራለን ልጄ፣ ሚስማሩን ግን አደራ!» አሉኝ።

የፊተኛው ተከራይ አሥራ አንድ ሚስማር መትቶ ነው የወጣው። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ አሳዩኝ። የመጨረሻውን ሲያሳዩኝ ዓይናቸው እንባ ያቀረረ መሰለኝ።

እሺ አልኩ። ምን አማራጭ አለኝ? ችግሩ እኔ ሚስማር መምታት የምወድ ሰው መሆኔ ነው። በግድግዳ አይደለም፣ በጌም። ሌላው ሰው ጌም ገዝቶ ይጫወታል። እኔ ገና ሳልጀምረው ፈትቼ ሞድ እጭንበታለሁ። ሞድ ማለት የጌሙ ባለቤቶች ያላሰቡትን ነገር ተጫዋቹ ራሱ ሲጨምርበት ነው። የዝናቡን መልክ የሚቀይር አለ፤ አዲስ መንደር የሚጨምር አለ፤ ምንም የማይረባም አለ። ስካይሪም የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ ሰማዩን የሞላው አስፈሪ ዘንዶ ነበር። (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።) አንድ የተባረከ ሰው ዘንዶዎቹን ቶማስ በሚባለው የልጆች ባቡር ቀየራቸው። ከተራራው ጀርባ ፈገግ ያለ ሰማያዊ ባቡር እያፏጨ፣ እየበረረ ይመጣና እሳት ይተፋብሃል። በሕይወቴ እንደዚህ የፈለግኩት ነገር ጥቂት ነው።

ኪሴ ውስጥ ያለው ካርድ ከኤቲኤም ማሽን አልፎ ባሕር አይሻገርም። ስለዚህ ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ጋ ደወልኩ።

«ጌም ግዢልኝ።»

«ስንት ዓመትህ ነው?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ አለፍኩት።

«እሺ፣ ከየትኛው ሱቅ ነው?»

«እሱን ገና እያሰብኩበት ነው። ሞድ ላደርግበት ስለሆነ…»

«ሙድ ልትይዝበት?»

«ሙድ አይደለም፣ ሞድ!»

«በእኔ ዶላር ገዝተህ ሙድ ልትይዝብኝ ነው?»

ይህን ለማስተካከል ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። የቀን ሥራ ጨርሳ ወደ ማታው ሥራ እየነዳች ነበር። በመጨረሻ «ሱቁን ወስነህ ደውል፤ አንድ ጌም አይደል እንዴ፣ ሁሉም ጋ ያው ነው» ብላ ዘጋችው።

ያው አይደለም።

እኛ ሰዎች ቤት ስንፈልግ ደላላውን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ነው?» ብለን ነው። ቀጥለን «ውኃ አለ ወይ?» ብለን። ሚስማር ያስመቱ እንደሆነ የሚጠይቅ ተከራይ አይቼ አላውቅም። ሰውዬው ዕቃውን አስገብቶ፣ የእናቱን ፎቶ ይዞ ግድግዳው ፊት ሲቆም ነው ነገሩ የሚገባው። ጌም የሚገዛውም እንዲሁ ነው። ቅናሽ ያያል፣ ይገዛል፤ ከዚያ መዶሻ ይፈልጋል።

እኔም ድሮ ከዚህ የተሻልኩ አልነበርኩም። ፍላሽ ይዤ ሄጄ፣ ፊልምና ጌም የሚገለብጥ ልጅ ጋ አስጭን ነበር። ዋጋው አንድ ማኪያቶ አይሞላም። ሞዱ ደግሞ «እኔ የምሠራው በዚህ ቨርዥን ላይ ብቻ ነው» ይላል። ተመልሼ ልጁን «ይሄ ቨርዥኑ ስንት ነው?» ብለው «ኦሪጅናል ነው» አለኝ። «እሺ፣ ቁጥሩ?» «ኦሪጅናል ነዋ ወንድሜ!» እንደዚያ ተለያየን።

ስለዚህ ዘንድሮ እንደ ሰው ልገዛ ወሰንኩ። አከራዮቹንም አንድ በአንድ ዞርኩ።

ትልቁ ግቢ ስቲም የሚባለው የጌም ሱቅ ነው። ቫልቭ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2003 ከፈተው። እዚህ ግቢ ውስጥ ሚስማር መምታት ነውር አይደለም። እንዲያውም አከራዩ ራሱ በሰው ሚስማር ነው የከበረው። በየኔት ካፌው የተጯጯህንበት ካውንተር ስትራይክ መጀመሪያ የቫልቭ ጌም አልነበረም። ሚን ሊ እና ጄስ ክሊፍ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በ1999 ሃፍ ላይፍ የሚባለውን የቫልቭ ጌም ወስደው የሠሩት ሞድ ነው። ቫልቭ አየው፣ ወደደው፣ ገዛው። ሚስማሩ ከቤቱ በለጠ ማለት ነው። ይህን ታሪክ ለአከራዬ ብነግራቸው ምን ይሉ ይሆን?

በ2011 ደግሞ ስቲም ግቢው ውስጥ አናጺ አስቀመጠ፤ ዎርክሾፕ ይባላል። የምትፈልገውን ሞድ ታያለህ፣ አንዲት ቁልፍ ትጫናለህ፣ በቃ። መዶሻ አትይዝ፣ መሰላል አትበደር። ከዚህ የበለጠ ምቾት አላውቅም። ችግሩ አናጺው ከግቢው አይወጣም። ሲቲስ ስካይላይንስን ውሰዱ። ከተማ የሚቆረቆርበት ጌም ነው፤ እኔ የመገናኛን አደባባይ ልሠራበት፣ ታክሲዎቹንም አንድ በአንድ ልቀጣበት የቋመጥኩለት። ለዚህ ጌም ዎርክሾፕ ላይ የመንገድ፣ የሕንፃ፣ የትራፊክ መብራት ሞድ ሞልቷል። ኤፒክ የሚባለው ሱቅ ይህንኑ ጌም በ2020 ዲሴምበር በነጻ አድሎት ነበር። በነጻ ያገኘው ሰው ተደሰተ። አናጺውን ሲጠራው ግን «እኔ የዚያኛው ግቢ ነኝ» አለው። መንገዱ ተዘጋግቶ ቀረ። ከእውነተኛው መገናኛ ጋር ለማመሳሰል ከሆነ ግን ያለ ሞዱም ይበቃል።

አንድ ጊዜ ስቲም ለሚስማሩ ላስከፍል ብሎ ነበር። በ2015 ኤፕሪል ላይ በስካይሪም ሞዶች ነው የጀመረው። ከሽያጩ ለሞዱ ሠሪ የሚደርሰው ሩብ ብቻ ነበር። አናጺው ሩቡን፣ ባለግቢዎቹ ሦስት ሩቡን! ተከራዩ ሁሉ ድስትና ክዳን እያጋጨ ወጣ። በቀናት ውስጥ ተሰረዘ፤ የከፈለም ብሩ ተመለሰለት። አከራይ ያወጣውን ደንብ በቀናት ውስጥ ሲያነሳ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። እኔ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ታዲያ ስቲም ምን ጎደለው? እድሳት (አፕዴት) ይወዳል።

እዚህ ላይ በራሴ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ፤ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነውና። አከራዬ ትርፍ ቁልፍ አላቸው። አንድ ቀን ሥራ ውዬ ስመለስ ቤቱ ተጠርጓል። «አጽድቼልህ ነው» አሉኝ። አመሰገንኩ። ማታ መብራት ጠፋ። እኔ መብራት ሲጠፋ አልደናገጥም። ሻማው የት እንዳለ እጄ ያውቃል፤ ከበሩ ሦስት እርምጃ፣ በስተግራ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ። ሦስት እርምጃ ሄድኩ፤ በስተግራ እጄን ሰደድኩ። በርበሬ ውስጥ ገባ። ከዚያ በደነገጠ እጄ ዓይኔን አሸሁ።

የስካይሪም ትልልቅ ሞዶች እንደዚያች እጅ ናቸው። አብዛኞቹ የሚደገፉት ስክሪፕት ኤክስቴንደር በሚባል ፕሮግራም ላይ ነው። እሱ ደግሞ ጌሙ ውስጥ የትኛው ነገር የት እንደተቀመጠ በቃሉ ያውቃል፤ በጨለማ ሄዶ ይይዘዋል። ጌሙ ሲታደስ ዕቃው ሁሉ ቦታ ይቀይራል። እጁ በርበሬ ውስጥ ይገባል። ስካይሪም አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ በ2021 ኖቬምበር፣ የልደት እድሳት ወጣለት። ስክሪፕት ኤክስቴንደሩ እንደገና እስኪሠራ፣ ሞዶቹም እስኪከተሉት ድረስ ስንቱ ቤት ዓይኑን አሸ።

በስቲም ላይ «ጌሙን ስከፍተው ብቻ አድስ» የሚል ምርጫ አለ። «በጭራሽ አታድስ» የሚል ግን የለም። ስትከፍተው ይታደሳል፤ ካልከፈትከው ደግሞ ምን ትጫወታለህ? ብልሃት ያላቸው ሰዎች አሮጌውን ቅጂ በጓሮ በር ሄደው ያወርዳሉ። ግን የገዛ ቤትህ በጓሮ በር ስትገባ ሌባ ሌባ ይሸትሃል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የለንደኖቹ ነው። ፎልአውት 4 የሚባለውን ጌም ወስደው ለዓመታት ሲለፉ፣ የፈራረሰችውን ለንደንን የሚያህል ሞድ ሠሩ። ፎልአውት ለንደን ይባላል። በ2024 ኤፕሪል 23 እናወጣለን ብለው ቀን ቆረጡ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ጠሪው ተልኳል፣ ጠጁ ተጥሏል በሉት። ከዚያ የጌሙ ባለቤቶች ብቅ ብለው «ኤፕሪል 25 ቤቱን እናድሳለን» አሉ። ከሠርጉ በሁለተኛው ቀን! ሠርጉ ተራዘመ። ጁላይ 25 ነው ሙሽራዋ የወጣችው። የወጣችውም በጎግ በር ነው።

ጎግ በ2008 ሲዲ ፕሮጄክት በተባለ የፖላንድ ኩባንያ የተጀመረ ሱቅ ነው። መጀመሪያ የድሮ ጌሞች ብቻ ይሸጥ ነበር። የሱ ጠባይ ለየት ይላል፤ ዘበኛ የለውም። ከፍለህ የጌሙን ማስጫኛ ፋይል እንዳለ ታወርዳለህ፤ በሀርድ ዲስክህ ታስቀምጣለህ። ኢንተርኔት ቢኖር ባይኖር፣ ሱቁ ቢከፈት ቢዘጋ፣ የያዝከው ቅጂ ያው ነው፤ ሌሊት መጥቶ ሻማህን የሚያነሳ የለም። ጋላክሲ በሚባለው ፕሮግራሙ የምትጠቀም ከሆነም እድሳቱን ማቆም፣ ከታደሰም ወደኋላ መመለስ ትችላለህ። እርግጥ በሕጉ ጎግም የሚሸጥልህ ፈቃድ ነው እንጂ ርስት አይደለም። ካሊፎርኒያ በ2025 መጀመሪያ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ዲጂታል ሱቆች «የሸጥንልህ ፈቃድ ነው» ብለው ለገዢው በግልጽ እንዲናገሩ አስገድዳለች። የኔ አከራይ ይህን ሕግ ሳያስገድዳቸው ነው በየሳምንቱ የሚነግሩኝ።

ጎግ ላይ አናጺ የለም። መዶሻህን ይዘህ ኔክሰስ ሞድስ የሚባለው ከ2001 ጀምሮ ያለ የሞድ መርካቶ ትሄዳለህ፤ መርጠህ፣ ተሸክመህ፣ ራስህ ትመታለህ። ጣትህንም ትመታለህ። ጌሞቹም ከስቲም ያንሳሉ። ስካይሪም ራሱ ጎግ ደጃፍ የደረሰው በ2022 ነው፤ ከወጣ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ! ሆኖም የስክሪፕት ኤክስቴንደሩ ሠሪዎች ለስቲም አንድ፣ ለጎግ ሌላ አዘጋጅተውለታል። ለኤፒክ ግን የለም። በየሳምንቱ ሐሙስ ነጻ ጌም ስለሚያድል በኤፒክ አልጨክንም፤ ዝክር ተጠርቶ ሄዶ ወጡ ጨው አነሰው አይባልም። ጌም በወር ኪራይ ለሚሰጠው ጌም ፓስም ስክሪፕት ኤክስቴንደሩ የለም። ጌም ፓስ አልጋ ቤት ነው፤ በወር ትከፍላለህ፣ ታድራለህ፣ ትወጣለህ። አልጋ ቤት ሚስማር ይዞ የሚገባ ሰው ራሱ መመርመር አለበት።

ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። «ጎግ» አልኳት።

«ጉግል?»

«ጎግ!»

«ስሙ ራሱ ሙድ የያዘ ነው» አለች። ግን ገዛችልኝ፤ እግዜር ይስጣት። በሌሊት ጥቅል፣ ለአምስት ሌሊት፣ እንደ ማኅሌት ቆሜ አወረድኩት። ማስጫኛውን ሀርድ ዲስክ ላይ አስቀመጥኩ። ሞዶቹን ጫንኩ። ሁለቴ ተበላሸ፤ ሁለቴም ጥፋቱ የኔ ነበር። በሦስተኛው ባቡሩ መጣ። እያፏጨ፣ ፈገግ ብሎ፣ በበረዶው ተራራ ላይ ዞረና እሳቱን ለቀቀብኝ። ጮህኩ።

አከራዬ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። ማያ ገጹን አዩ። መነጽራቸውን ከአንገታቸው አንስተው አደረጉ።

«ይሄ ባቡር ነው?»

«አዎ እማማ።»

«ይበራል እንዴ?»

«ሞድ ነው እማማ። እኔ ነኝ የጨመርኩበት።»

«እኔ በልጅነቴ ከድሬዳዋ ለገሃር ድረስ በባቡር ስመጣ፣» አሉ አልጋዬ ጫፍ ላይ እየተቀመጡ፣ «አንድም ቀን እንዲህ ሲበር አላየሁም። ሲያፏጭ ግን ልክ እንደዚህ ነው።»

አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ሦስቴ ሞትኩ፤ ሦስቴም ከባቡሩ ወገን ነበሩ። ሊወጡ ሲሉ ሀርድ ዲስኩ ትዝ አለኝ። መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። የልጅ ልጃቸው ደግሞ የሚያገኘውን ሁሉ ውኃ ባልዲ ውስጥ የሚከት ልጅ ነው። በፌስታል አድርጌ ከፍ አድርጌ ብሰቅለው ግን አይደርስበትም። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ምን ልጄ?»

«አንዲት ሚስማር… ትንሽዬ…»

ግድግዳውን አዩ። እኔን አዩ። አሥራ አንዱን ቀዳዳ ቆጠሩ መሰለኝ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

«ባለችው ቀዳዳ ውስጥ ከሆነ ምታት» አሉ፤ «አዲስ እንዳትከፍት እንጂ።»