ቀረጡ የቀረው ለማን ነው?

ክርክሩን ያስነሳችው አንዲት ቃል ናት፤ "ስጦታ" የምትል።

ተከራካሪዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ ጡረታ የወጡ የኢኮኖሚክስ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ሁለተኛዋ የጉምሩክ አስተላላፊ ናት፤ የዕድሜዋን ግማሽ ከወረቀትና ከማኅተም ጋር ስትታገል የኖረች። ሦስተኛው ወጣት ነው፤ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ሒሳብ ይሠራል። እኔ ዳር ይዤ አዳምጣለሁ።

"ሀብታሞቹ አገሮች ከድሃ አገር በሚመጣ ዕቃ ላይ ቀረጥ ይቀንሱና ስጦታ ሰጠን ይላሉ" አለ ወጣቱ። "ስጦታ ሳይሆን ገመድ ነው። ሲፈልጉ ያላሉታል፣ ሲፈልጉ ይስቡታል።"

ጋሼ ቃሏን አልወደዷትም። "የተጠየቀው እንደ መብት ነው እንጂ እንደ ምጽዋት አይደለም" አሉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ወደ ታሪክ ገቡ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1964 አንክታድ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የልማት ጉባኤ ጄኔቭ ላይ ተሰበሰበ። ዋና ጸሐፊው አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ ነበሩ። ጥሬ ዕቃ ብቻ እየሸጠ የሚኖር አገር ከድህነት አይወጣም፣ ፋብሪካ ሲያቋቁም ደግሞ ገበያ ይከፈትለት ብለው ተከራከሩ። በ1968 ኒው ዴልሂ ላይ ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ። ነገር ግን ጋት የሚባለው የንግድ ስምምነት "ለአንዱ የሰጠኸውን ለሁሉም ስጥ" የሚል ደንብ ነበረው። ስለዚህ በ1971 ለ10 ዓመት የሚሠራ ልዩ ፈቃድ ወጣ፤ በ1979 ፈቃዱ ቋሚ ሆነ። አውሮፓውያኑ በ1971 ጀመሩ፣ አሜሪካ በ1976።

"ፈቃድ እኮ ነው ጋሼ፤ ግዴታ አይደለም" አለ ወጣቱ። "መስጠት ይችላሉ ተባለ እንጂ ይስጡ አልተባለም።"

እዚህ ላይ ልጁ ልክ ነው። ጋሼም ዝም አሉ።

ወጣቱ በረታ። ስልኩን አውጥቶ ሒሳብ ጀመረ። የአውሮፓ ኅብረት በልብስ ላይ የሚጥለው መደበኛ ቀረጥ 12 በመቶ ነው። ለታዳጊ አገሮች በሚደረገው ተራ የቀረጥ ቅናሽ 9.6 በመቶ ይሆናል። እጅግ ድሃ ለሚባሉት አገሮች ግን ከ2001 ጀምሮ ከጦር መሣሪያና ከጥይት በስተቀር ሁሉም ዕቃ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ተወስኗል። "እንግዲህ የ100,000 ዩሮ ሸሚዝ ተላከ እንበል። 12,000 ዩሮ ቀረጥ ቀረ። ቀረጡን ይከፍል የነበረው ማነው? አስመጪው። ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ የቀረው እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ላኪው ከዚያ ላይ የሚያገኘው ተደራድሮ ነው።"

አስተላላፊዋ ራሷን ነቀነቀች። ይህን የቀረጥ ቅናሽ የሚሰጠው የአሜሪካው ሕግ በ2013 አጋማሽ ጊዜው አልፎ ሁለት ዓመት ያህል ሳይታደስ ቆይቶ ነበር። በ2015 ሲታደስ በመሀል የተከፈለው ቀረጥ ተመለሰ። የተመለሰው ለአሜሪካ አስመጪዎች ነው። በ2020 መጨረሻ እንደገና ሲያበቃ ደግሞ ዓመታት አለፉ፣ የሚያድሰው ጠፋ።

"ይሁን" አሉ ጋሼ። "ገንዘቡ አስመጪው ኪስ ገባ። ትዕዛዙስ ወደ ማን መጣ?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ገዢው ከአንዱ አገር ሲያመጣ 12 እየከፈለ፣ ከሌላው ሲያመጣ ምንም የማይከፍል ከሆነ፣ እግሩ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ባንግላዴሽ በልብስ ኤክስፖርት ከዓለም ከፊተኞቹ የተሰለፈችው በርካሽ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ይህ በር ስለተከፈተላትም ነው። ወጣቱ መልስ አልነበረውም። ወደ ገመዱ ተመለሰ።

በነሐሴ 2020 የአውሮፓ ኅብረት ከካምቦዲያ ላይ ያለ ቀረጥ የመላክ መብቱን በከፊል አነሳ። ወደ ኅብረቱ ከምትልከው አንድ አምስተኛ የሚሆነው ቀረጥ ተመለሰበት። ምክንያቱ የፖለቲካና የሰብአዊ መብት ጥሰት ነው። "መንግሥት ያጠፋውን የስፌት ሠራተኛዋ ከፈለች" አለ።

"ቅድመ ሁኔታ ባይኖርስ? የሠራተኛዋን ማኅበር ማን ያስከብርላት ነበር?" አለችው አስተላላፊዋ።

"እነሱ ናቸው አስከባሪ?"

እዚህ ላይ ጫጫታ ሆነ። ጋሼ በ2004 ሕንድ የአውሮፓ ኅብረትን በዓለም ንግድ ድርጅት ከሳ የረታችበትን ጉዳይ አነሱ። ኅብረቱ ዕፅ ይዋጋሉ ላላቸው የተመረጡ አገሮች ብቻ ተጨማሪ መብት ሰጥቶ ነበር። የይግባኝ አካሉ መለየት ይቻላል፣ መለያው ግን የታወቀና በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ላለ ሁሉ ክፍት መሆን አለበት አለ። ሰጪም ቢሆን እንዳሻው አይሆንም ለማለት ነው ያነሱት። ማንም አልሰማቸውም።

ነገሩን መልክ ያስያዘችው አስተላላፊዋ ናት። "ሁለታችሁም ወረቀቱን አታውቁትም" አለች። የስሪት አገር ምስክር ወረቀት ማለቷ ነው። ሸሚዙ እዚህ ተሰፋ፣ ጨርቁ ግን ከሌላ አገር መጣ። የማን ሸሚዝ ነው? በቀድሞው የአውሮፓ ደንብ ጨርቁም እዚያው ካልተሸመነ ዜሮ ቀረጥ የለም። ሽመና የሌለው ድሃ አገር "ላም አለኝ በሰማይ" ሲል ኖረ። በ2011 ደንቡ ተለውጦ እጅግ ድሃ ለሆኑት ስፌት ብቻ በቂ ሆነ። የካምቦዲያ ልብስ ወደ አውሮፓ በብዛት መጉረፍ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ዜሮው ዱሮም ነበር፤ የጎደለው ይህ አንቀጽ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ፍርዱ ለእሷ ነው። ጋሼ በሩ መከፈቱን ያያሉ፣ ልጁ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ያያል። እሷ የምታየው የበሩን ስፋት ነው። ልጁ በአንድ ነገር አልተሳሳተም፤ ለፋብሪካ የተበደሩት ብር በዓመታት ነው የሚከፈለው፣ ሕጉ ግን አንዳንዴ ከብድሩ በፊት ይሞታል። ስለዚህ ምርጫው የእኔ ቢሆን ቀረጡ ዜሮ ባይሆን ግድ የለኝም፤ ላላ ያለ የስሪት ደንብና ረጅም ዕድሜ እመርጣለሁ።

ባንግላዴሽን ተመልከቱ። ከእጅግ ድሆቹ ዝርዝር እንድትወጣ የተቆረጠላት ቀን ኅዳር 2026 ነው። አውሮፓ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ይታገሳታል። ቀጥሎ የጨርቁ ጥያቄ ይመለሳል። ለቲሸርትና ለሹራብ ብዙውን ክርና ጨርቅ እዚያው ታመርታለች። የሸሚዝና የሱሪ ጨርቅ ግን በብዛት ከውጭ ነው የሚመጣላት። ሦስት ዓመት ይህን የሚሸምን ፋብሪካ ለመትከል ይበቃል ወይ? ለእኔ አይበቃም።

ስንለያይ አስተላላፊዋ ወጣቱን "የእናንተ ጨርቅ ከየት ነው የሚመጣው?" አለችው።

"ከውጭ" አለ፣ ቀስ ብሎ።