ሬዲዮ ስታወዳድሩልን ሐረጎን አትርሱ

ያ ጀመዓ፣ ዛሬስ ልናገር ነው። «ለመኪና የሚሆን ዲጂታል የአማተር ሬዲዮ (ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለንግድ ሳይሆን በግል እርስ በርስ የሚነጋገሩበት) የትኛው ይሻላል?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ ስክሪኑ ባለቀለም ነው፣ በጣት ይነካል፣ ብሉቱዝ አለው፣ ጂፒኤስ አለው፣ ይሄን ያህል ሺህ ቻናል ይይዛል። በቃ። ደሴ ፒያሳ ቆሞ ኮምቦልቻ ያለ ወንድሙን ማናገር ለፈለገ ሰው ይሄ ሁሉ ምን ይረባዋል?

እኛ እዚህ ክለብ አቋቁመን ፈቃድ ለማውጣት የምንሯሯጥ ጥቂት ሰዎች ነን። ነገሩን የያዝነው ጊዜ ለማሳለፍ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስልክም መብራትም ጠፍቶ፣ ሰው የእናቱን ደህንነት ሳያውቅ እንዴት እንደከረመ የወሎ ልጅ ያውቀዋል። ስለዚህ ሬዲዮ ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ኔትወርክ የጠፋ ቀን ይሠራል ወይ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ግን የሚመልስልን አላገኘንም።

አገሩን እንዳለ እንየው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ከእሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ቦርከና ሜዳ ላይ ናት። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐል ላይ ግን ሐረጎ የሚባለው ተራራ አለ። አማተሮች በመኪና የሚጠቀሙባቸው የ144 እና የ430 ሜጋኸርዝ ሞገዶች ደግሞ የሚጓዙት በአብዛኛው ዓይን በሚያይበት መስመር ነው። ተራራ ከጋረዳቸው ጋረዳቸው። ነጋዴው ግን «ይሄ 50 ዋት ነው፣ ይሄን ያህል ኪሎ ሜትር ይደርሳል» ይላል። ከየት ተነስቶ የት ነው የሚደርሰው? ከ25 ዋት ወደ 50 ዋት መውጣት የሚጨምረው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው፤ በመቀበያው የሲግናል መለኪያ ላይ ግማሽ ነጥብ ማለት ነው። በዚያው ገንዘብ ጥሩ ኬብል ገዝቶ አንቴናውን ጣሪያ ላይ ከፍ አድርጎ መስቀል ስንት እጥፍ ይሻል ነበር! ይህን የሚነግር ጠፋ።

ከዚህ በላይ የሚያናድደኝ ዲጂታሎቹ እርስ በርሳቸው አለመግባባታቸው ነው። አይኮም አይዲ-5100 የገዛ ሰው ዲስታር በሚባል የዲጂታል ሥርዓት ይናገራል፤ ይህን ሥርዓት ያወጣው የጃፓን አማተሮች ማኅበር ነው። ያኤሱ ኤፍቲኤም-300ዲ የገዛው ሲስተም ፊውዥን ይናገራል፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2013 ያመጣው የራሱ ነው። ኤኒቶን 578 ወይም ቲዋይቲ ኤምዲ-9600 የገዛው ደግሞ ዲኤምአር ነው፤ አውሮፓውያን መጀመሪያ ለሥራ መገናኛ ብለው እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ስታንዳርድ። ሦስት ጓደኛሞች ሦስቱን ገዝተው አንዱ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አንዱ ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ አንዱ ኮምቦልቻ ቢቀመጡ በዲጂታል አንዳቸውም ከሌላው ጋር አይገናኙም። የሚያገናኛቸው ያ አሮጌ የሚባለው አናሎግ ኤፍኤም ነው! እና ስለ ኤፍኤሙ ጥራት፣ ጠንካራ ጣቢያ አጠገቡ ሲኖር ተቀባዩ መታፈን አለመታፈኑን፣ ለምን አንድ መስመር እንኳ አይጻፍም?

«ኢንተርኔት ያገናኛቸዋል» የሚል መልስም ይመጣል። አዎ፣ ሪፒተር (ሲግናሉን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ) ወይም ሆትስፖት (ሬዲዮውን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ ትንሽ መሣሪያ) ካለ ከቶኪዮ ጋር ማውራት ይቻላል። እዚህ የምንጠቀምበት የአማተር ሪፒተር የለም፤ ሆትስፖቱም የሚሠራው ዳታ ሲኖር ነው። ዳታ ካለማ ስልኬን አወጣለሁ እንጂ ለምን ሬዲዮ እገዛለሁ? ዲኤምአር በአንድ ቻናል ሁለት ንግግር ያስኬዳል ተብሎ ይወደሳል፤ ትልቁ ጥቅሙ የሚታየው ግን ሪፒተር ላይ ነው። እኛ ከመኪና ወደ መኪና በቀጥታ ነው የምናወራው። ለዚያውም ከለር ኮዱ (የቻናሉ መለያ ቁጥር)፣ ቶክ ግሩፑ (የተነጋጋሪዎቹ ቡድን ቁጥር)፣ ሁሉም በሁለቱም ሬዲዮ ላይ ገጥሞ መሞላት አለበት፤ ይህ በአብዛኛው በላፕቶፕና በፕሮግራም ኬብል የሚሠራ ነው። መብራት በጠፋበት፣ መንገድ ዳር፣ አንድ ፍሪኩዌንሲ ለመቀየር ላፕቶፕ ፍለጋ? ከፊት ቁልፎቹ ብቻ ምን ያህል ማስተካከል እንደሚቻል የሚያወዳድር ሰው ቢገኝ እጁን እስም ነበር።

«ዲጂታል ጥርት ይላል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ሲግናል እስካለ ድረስ ጥርት ይላል። ሲዳከም ግን ኤፍኤም በጫጫታ መሐልም ቢሆን ቃሉን ያስለያል፤ ዲጂታሉ ይቆራረጥና ድንገት ዝም ይላል። ከገደል ወደ ገደል የሚንጸባረቅ ሞገድ ደግሞ ይባስ ያበላሸዋል። ሐረጎን በመኪና ሲወርዱ የሚያጋጥመው ይኸው ነው።

ስለ መኪናው ኤሌክትሪክ ደግሞ ማንም አያነሳም። እነዚህ ሬዲዮኖች የተሠሩት ለ13.8 ቮልት ነው። በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ሲኖትራክ 24 ቮልት ነው፤ መቀነሻ ሳይገባ በቀጥታ ቢሰካ ሬዲዮው ያልቅለታል። በ50 ዋት ሲያስተላልፍ ከ10 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል፤ ስለዚህ መስመሩ በፊውዝ በኩል ከባትሪው በቀጥታ መምጣት አለበት እንጂ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ነገር አይደለም። ብዙ ሺህ ብር አውጥቶ የሚገዛ ሰው ይህን ከመግዛቱ በፊት መስማት መብቱ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለእኛ አገር የሚሻለው ኤፍኤሙ ጠንካራ የሆነ፣ ከፊት ቁልፎቹ የሚስተካከል ሬዲዮ ነው። ዲጂታል የግድ ካላችሁም ሁላችሁም ተስማምታችሁ አንድ ዓይነት ግዙ። የያኤሱዎቹ የመጣው ድምፅ ኤፍኤም ይሁን ዲጂታል ራሳቸው ለይተው መቀየራቸው ለተደባለቀ ቡድን ትልቅ ነገር ነው፤ ይህ ከንክኪ ስክሪን ሺህ ጊዜ ይበልጣል።

አሁን ፈቃድ ኖሯችሁ ተራራማ አገር ላይ ሪፒተር ሳትጠቀሙ የሞከራችሁ አማተሮች ካላችሁ፣ በአላህ፣ በማርያም፣ የቻናል ብዛቱን ተዉትና ይህን ጻፉልን፦ በየትኛው ሞገድ፣ በስንት ዋት፣ አንቴናው ምን ያህል ከፍ ብሎ፣ ከየትኛው ጋራ ጀርባ ተሰማ?