ሳናሸንፍ እንዋዋል

ወገኖቼ፣ በጋራ ተጫርተን በየፊናችን የምንካሰስበት ነገር ይብቃን። ሁለት ድርጅቶች ለአንድ ጨረታ ሲጣመሩ ነገሩ ያምራል፤ አንዱ መሣሪያ አለው፣ ሌላው ባለሙያ፤ አንዱ የገንዘብ አቅም፣ ሌላው የሥራ ልምድ ማስረጃ። ለየብቻ ቢሆኑ በመጀመሪያው ምዘና የሚወድቁት፣ አንድ ላይ ሲቆሙ ያልፋሉ። የሚያስቆጣኝ መተባበራችሁ አይደለም፤ የምትተባበሩበትን ውል ስታዘጋጁ የምታሳዩት ቸልተኝነት ነው።

ያን ወረቀት ሁላችንም እናውቀዋለን። ጨረታው ሊዘጋ አንድ ሌሊት ሲቀር ከአሮጌ ሰነድ ይገለበጣል። ርእሱ ተቀይሮ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ያለፈው ፕሮጀክት ስም እንዳለ ይቀራል። ሁለት ማኅተም ይመታበታል። ድርሻን የሚመለከተው አንቀጽ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ጨረታውን ካሸነፍን የሥራ ክፍፍሉ በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ይወሰናል።» ስንቱን ወዳጅ ያቆራረጠ ዓረፍተ ነገር ነው! ሲያነቡት ውል ይመስላል፤ ሲጨብጡት ምንም የለበትም። ወደፊት ባንስማማ ምን ይሆናል የሚለውን አልመለሰም፤ ውል የሚያስፈልገው ደግሞ ያልተስማሙ ዕለት ነው።

ፍርድ ቤት ያስጥለኛል የሚል ካለ ይህን ይስማ። በአሜሪካ ሳይበርሎክ የተባለ ድርጅት፣ ኢንፎርሜሽን ኤክስፐርትስ ከተባለ ዋና ተጫራች ጋር ተፈራርሞ ለአንድ የመንግሥት ሥራ ቀረበ። ስምምነታቸው 49 በመቶው ሥራ የሳይበርሎክ እንደሚሆን ይጠቅስ ነበር። ዋናው ተጫራች አሸነፈ፤ የንዑስ ተቋራጭነቱን ውል ለመጻፍ ሲደራደሩ ግን ሳይግባቡ ቀሩ። በቨርጂኒያ የሚያስችለው የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ያ ስምምነት ወደፊት ለመስማማት የተገባ ቃል እንጂ የሚጸና ውል አይደለም ብሎ ፈረደ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤትም በቀጣዩ ዓመት አጸናው። የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ ሆኖም ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ቁጥር ጽፈው ነበር። እኛ ቁጥሩንም አንጽፍም።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የንዑስ ውሉን ረቂቅ አዘጋጁና ከስምምነቱ ጋር አያይዙት። በሥራ ዝርዝሩ ላይ የትኛው ተራ ቁጥር የማን እንደሆነ፣ በምን ዋጋ እንደሚሠራ፣ ክፍያው አሠሪው ከከፈለ ስንት ቀን በኋላ እንደሚተላለፍ ይጻፍበት። አሠሪው የሥራውን መጠን ቢቀንስ ቅነሳው በማን ላይ እንደሚያርፍም አትርሱ።

እንደ ዋናና ንዑስ ተቋራጭ ሳይሆን በጋራ ተጫራችነት የምትቀርቡ ደግሞ ይህን አንቀጽ ደጋግማችሁ አንብቡ፦ «አባላቱ በአንድነትና በተናጠል ኃላፊ ናቸው።» በብዙ የጨረታ ሰነድ ውስጥ አለ። ድርሻዬ 30 በመቶ ስለሆነ ዕዳዬም 30 በመቶ ነው ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ሸሪካችሁ ሥራውን ጥሎ ቢሄድ አሠሪው ሙሉውን ከእናንተ ሊጠይቅ ይችላል። ከአሠሪው ጋር ያለውን ኃላፊነት መቀየር ባትችሉ፣ ጥፋቱን ያደረሰው ሌላውን እንዲክስ በመካከላችሁ ማሰር ትችላላችሁ። ሥራው በውሉ መሠረት እንደሚፈጸም ለአሠሪው የሚቀርበውን የአፈጻጸም ዋስትና ማን ያስይዛል? የቅድሚያ ክፍያው በየትኛው ሒሳብ ይገባል? ከሒሳቡ ለማውጣት የማን የማን ፊርማ ያስፈልጋል? ለመሪው አባል የምትሰጡት ውክልናስ ዋጋ እስከ መቀነስ ይደርሳል ወይስ ሰነድ በማስገባት ያበቃል? ይህን ሳይጠይቅ የሚፈርም ሥራ አስኪያጅ የሠራተኞቹን እንጀራ በሰው እጅ እያስቀመጠ ነው።

ለእናንተ ለትልልቆቹም የምለው አለኝ። የትንሹን ድርጅት ባለሙያዎች ማስረጃ አያይዛችሁ የቴክኒክ ነጥብ ትሰበስባላችሁ፤ ሥራው በእጃችሁ ሲገባ ስልክ አታነሡም። ነውር ነው! የተታለለው ሸሪካችሁ ብቻ አይደለም፤ እነዚያ ባለሙያዎች ይሠሩልኛል ብሎ ነጥብ የሰጣችሁ አሠሪም ተታሏል። ትንንሾቹም ብትሆኑ የዋጋ ትንተናችሁን በኢሜይል ከመላካችሁ በፊት የምስጢር ጥበቃ ስምምነት አስፈርሙ፤ ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር በዚሁ ጨረታ እንዳይቀርቡባችሁም በጽሑፍ ያዟቸው።

ትብብርን ለመመሳጠር፣ ማለትም ተወዳዳሪ መስሎ በድብቅ ለመስማማት፣ ሽፋን የምታደርጉ ግን ከእኔ ምክር አትጠብቁ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የጨረታ መመሳጠርን መከላከያ መመሪያ፣ ለብቻው መወዳደር የሚችል ድርጅት ከሌላ ጋር ተጣምሮ ሲቀርብና አሸናፊው ለተሸናፊዎቹ ደጋግሞ ንዑስ ሥራ ሲሰጥ ተቆጣጣሪዎች እንዲነቁ ያሳስባል። አብራችሁ የቀረባችሁበት እውነተኛ ምክንያት ካለ በስምምነታችሁ መግቢያ ላይ ጻፉት፤ ስትጠየቁ ይመልስላችኋል።

ጊዜ የለንም የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። ለዋጋ ማቅረቢያው ሳምንታት ትሰጣላችሁ፤ ለእርስ በርስ ውላችሁ የመጨረሻዋን ሌሊት። የጨረታ ሰነዱን በወሰዳችሁበት ቀን ለሸሪካችሁ ረቂቁን ላኩ። ዋጋ ከመሙላታችሁ በፊት ስለ ድርሻችሁ ተከራከሩ፤ ካልተግባባችሁም ሌላ ሸሪክ ለመፈለግ ጊዜ ይኖራችኋል።