«የጠፋው መጽሐፍ» ከማን ዘንድ ጠፋ?

ባለፈው ጾመ ነቢያት መግቢያ ላይ ጎረቤቴ የሆኑ ጀርመናዊት ባልቴት በሰፈራችን የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወደሚሰጥ የምሽት ትምህርት ወሰዱኝ። ርእሱ «መጽሐፍ ቅዱስ እንዴት መጽሐፍ ቅዱስ ሆነ?» የሚል ነበር። አስተማሪው ጡረታ የወጡ፣ ዕድሜያቸውን ሃይማኖት ሲያስተምሩ ያሳለፉ ትሑት ሰው ናቸው፤ ሃያ ለማንሞላ ታዳሚዎች በየወንበሩ ላይ አራት ገጽ ጽሑፍ አስቀምጠውልናል። ሦስተኛውን ገጽ ስገልጥ «የጠፉ መጻሕፍት» የሚል ርእስ አገኘሁ። ከሥሩ በመጀመሪያው ረድፍ መጽሐፈ ሄኖክ ተጽፏል፤ ከጎኑም «ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ጠፍቶ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1773 ከኢትዮጵያ የመጣ» ይላል።

እጄን አንሥቼ «ከማን ዘንድ ነው የጠፋው?» ብዬ ጠየቅሁ። አስተማሪው ጥያቄው ስላልገባቸው ደገምሁላቸው። በመጨረሻም በደግነት ፈገግ ብለው «ከእኛ ዘንድ ማለት ነው፤ ከምሁራኑ ዓለም» አሉኝ። ያ ደግነት ከቁጣ ይልቅ ልቤን ወጋው፤ ምክንያቱም ሰውዬው ሊያንቋሽሹን ፈጽሞ አላሰቡም። በእርሳቸው አእምሮ ውስጥ ግን ያን መጽሐፍ በየዘመኑ በብራና ሲገለብጡ፣ በቃል ሲያጠኑና ሲተረጉሙ የኖሩት መነኮሳትና የመጻሕፍት መምህራን እንደ አንባቢ አይቆጠሩም። መጽሐፉ ያለባት አገር ዋሻ፣ መጽሐፉም በዋሻው ውስጥ የተረሳ ዕቃ ሆኖ ነው የሚታያቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ሦስት ቅጂ ይዞ አውሮፓ ሲገባ አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፣ አንዱም ኦክስፎርድ ገባ። ከጣና ገዳማት የሄኖክ ቅጂዎች መካከል ግን ብሩስ ከመወለዱ በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ ይገኛል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ «ጠፍቶ ነበር» ማለት፣ ጎረቤት ቤት የተቀመጠውን ዕቃ እኔ ስላላየሁት አልነበረም እንደ ማለት ነው።

ነገሩ ይበልጥ የከነከነኝ የት አገር መባሉን ሳስብ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከመካነ ሥላሴ የተነሡት አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ጎታ ከተማ ድረስ ተጉዘው ጀርመናዊውን ምሁር ኢዮብ ሉዶልፍን ግዕዝና አማርኛ ያስተማሩት በዚሁ በጀርመን ምድር ነው። የሄኖክን የግዕዝ ንባብ አስተካክሎ በ1851 ያሳተመው አውግስጦስ ዲልማንም ጀርመናዊ ነው። የምሽቱ ወረቀት ዲልማንን ጠቅሷል፤ አባ ጎርጎርዮስን ግን አልጠቀሰም።

በዚያው ምሽት የተነገረ ሌላ ነገርም ነበር፤ ይህኛው አገር ቤትም ሲደጋገም ስለምሰማው ጥቂት ልቆይበት። አስተማሪው «መጻሕፍቱ በ325 በኒቅያ ጉባኤ በድምፅ ተመረጡ ይባላል» ብለው ጀመሩና፣ ነገሩ እውነት ይሁን ሐሰት ሳይወስኑ አለፉት። እውነት አይደለም። ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው 318ቱ አባቶች ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት በአርዮስ ክሕደት፣ በፋሲካ በዓል ቀንና በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ላይ ሊነጋገሩ ነው፤ ካወጧቸው 20 ቀኖናት አንዱ እንኳ የቅዱሳት መጻሕፍትን ዝርዝር አይወስንም። ሆኖም በአውሮፓ «ንጉሡ የፈለገውን አስመረጠ» የሚለው ወሬ የልብ ወለድ ማጣፈጫ ሆኖ ተሰራጨ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ «318ቱ ሊቃውንት ቆጥረው ሰጡን» እየተባለ ክብር ለመስጠት ይነገራል። አንዱ ለማዋረድ፣ ሌላው ለማክበር ያንኑ ያልሆነ ነገር ያወራሉ።

የሆነው ከዚህ ይልቅ ረጅምና አድካሚ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው የቂሳርያው አውሳብዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መጻሕፍቱን ሲዘረዝር ሁሉም የተቀበሏቸውን ለብቻ፣ የሚከራከሩባቸውን ለብቻ አስቀምጧል፤ የያዕቆብ፣ የይሁዳ፣ ሁለተኛው የጴጥሮስ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው የዮሐንስ መልእክታት በክርክሩ ረድፍ ውስጥ ነበሩ። የሶርያውያን ጥንታዊ ትርጉም 22 የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ብቻ ነበሩት። ከጥንታውያን ቅጂዎች አንዱ የሆነው የሲና ኮዴክስ የተባለው የብራና መጽሐፍ ከሐዲስ ኪዳን ቀጥሎ የበርናባስን መልእክትና የሄርማስን መጽሐፍ ይዟል። መጽሐፍን መጽሐፍ ያደረገው በምእመናን ፊት በቅዳሴ መነበቡ፣ ከሐዋርያት ትምህርት ጋር መስማማቱና ከአንዱ አገር ወደ ሌላው እየተገለበጠ መዝለቁ ነው። ጉባኤያት በኋላ፣ በ393 በሂፖ፣ በ397 በካርታጎ፣ በምዕራብ ሲነበብ የኖረውን አጸደቁ እንጂ ከባዶ አልመረጡም።

በዚህ ሂደት ውስጥ እኛን በቅርብ የሚነካው የይሁዳ መልእክት ነገር ነው። ይሁዳ በቁጥር 14 «ከአዳም ሰባተኛ የሆነ ሄኖክ» ትንቢት ተናገረ ብሎ የጠቀሰው ቃል በመጽሐፈ ሄኖክ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ይገኛል። የካርታጎው ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ «ይሁዳ መስክሮለታልና ሄኖክን እንቀበል» ብሎ ተከራከረ፤ ከሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ሄሮኒሞስ ደግሞ ብዙዎች ይሁዳን የሚጠራጠሩት ሄኖክን በመጥቀሱ እንደ ሆነ ጻፈ። አንዱ በይሁዳ ምስክርነት ሄኖክን ሲያድን፣ ሌሎች በሄኖክ ምክንያት ይሁዳን ሊጥሉ ደረሱ። ምዕራቡ ዓለም ይሁዳን ይዞ ሄኖክን ለቀቀ፤ አክሱም ሁለቱንም ያዘች።

ከዚያ ምሽት በኋላ ለወራት የሚነበብ ስፈልግ ከቆየሁ በኋላ ያገኘሁት ነገር ግን ልቤን አልደገፈውም፤ ደብቄው ማለፍም አልፈልግም። የዛሬዎቹን 27 የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ሳይጨምርና ሳይቀንስ በመዘርዘር እስከ ዛሬ የሚታወቀው የመጀመሪያው ሰነድ እስክንድርያዊው ቅዱስ አትናቴዎስ በ367 የጻፈው 39ኛ የፋሲካ መልእክት ነው። አትናቴዎስ ማለት አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን አባታችን ነው። በቅብጥ ቋንቋ በተረፈው የዚያ መልእክት ክፍል ውስጥ ይኸው አባት በሄኖክ ስም የሚጠሩትን መጻሕፍት ከሙሴ በፊት የተጻፈ መጽሐፍ የለም ብሎ ይነቅፋቸዋል። ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ጳጳሱን ከእርሱ ተቀበልን፤ የነቀፈውን መጽሐፍ ደግሞ ወደ ግዕዝ መለስነው። የአክሱም ተርጓሚዎች የእስክንድርያ ልጆች ሆነው ሳለ የሚያነቡትን መጽሐፍ በአባታቸው መልእክት ምክንያት ከእጃቸው አላወጡም። ለእኔ ይህ አለመታዘዝ አይመስለኝም፤ የቅዱሳት መጻሕፍት ቀኖና በአንድ ሰው ብዕር እንዳልታሰረ የሚያሳይ ሕያው ማስረጃ ነው።

66 መጻሕፍት ብቻ የሚቀበሉ ወገኖችም ይህን መልእክት ሲጠቅሱ ሙሉውን ማንበብ አለባቸው። አትናቴዎስ በብሉይ ዝርዝሩ ባሮክን ከኤርምያስ ጋር ቆጥሮ፣ አስቴርን ከዝርዝሩ አውጥቶ ከጥበብ፣ ከሲራክ፣ ከዮዲትና ከጦቢት ጋር ገና በመማር ላይ ላለ ንኡሰ ክርስቲያን የሚነበብ አድርጎታል። ማርቲን ሉተርም ቢሆን በ1534 ባሳተመው መጽሐፍ ቅዱስ እነዮዲትን አልጣላቸውም፤ ከቅዱሳት መጻሕፍት እኩል ባይሆኑም ለማንበብ ጠቃሚና መልካም ናቸው ብሎ በሁለቱ ኪዳናት መካከል አኖራቸው። ከብዙ እትሞች ጨርሰው የወጡት የለንደኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1826 እንዳይታተሙ ከወሰነ በኋላ ነው። አባ አብርሃም ካይሮ ላይ ተቀምጦ የተረጎመው የመጀመሪያው ሙሉ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 የታተመው ደግሞ በዚሁ ማኅበር ነው።

በክረምት አገር ቤት ስገባ ይህን ሁሉ በልቤ ይዤ ነበር። የእኅቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ወደሚያገለግልበት የወጣቶች ጉባኤ ይዞኝ ሄደ። አንዲት ልጅ ተነሥታ «ሰማንያ አሐዱ የምንላቸውን መጻሕፍት ማን ቆጠራቸው?» ብላ በአክብሮት ጠየቀች። ሰባኪው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይህ የመናፍቃን ጥያቄ ነው፤ መጽሐፍ ከሰማይ የተሰጠ ነው፣ አይመረመርም» አላት። ጉባኤው እልል አለ። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ጀርመን ውስጥ ሰው የፈለገውን ይጠይቃል፤ የጠየቀውን መጽሐፍ ግን ከፍ አድርጎ ሲይዝ አላየሁም፤ ወረቀቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ወደ ሻይው ይሄዳል። እኛ ዘንድ መጽሐፉን እንሳለማለን፣ በጥላ እናጅባለን፤ ልጅ ስትጠይቅ ግን እልል ብለን አፏን እንዘጋለን። እውነቱን ለመናገር የጀርመኖቹ ቅዝቃዜ አሳዝኖኝ ነበር፤ ያ እልልታ ግን አሳፈረኝ።

ለልጅቱ ጥያቄ መልስ አለውና። በማግሥቱ በቀድሞ የንስሐ አባታችን በኩል አንድ የብሉይ መምህር ዘንድ ሄድሁ፤ ዓይናቸው የደከመ፣ ድምፃቸው ግን ያልደከመ አዛውንት ናቸው። ያንኑ ጥያቄ አቀረብሁ፤ አልተቆጡም። አቆጣጠሩ ሁለት መሆኑን ነገሩኝ፦ አንደኛው ብሉይን 46፣ ሐዲስን 35 ያደርጋል፤ በ27ቱ ላይ ሥርዓተ ጽዮንን፣ ትእዛዝን፣ ግጽውን፣ አብጥሊስን፣ ሁለቱን መጻሕፍተ ኪዳን፣ ቀሌምንጦስንና ዲድስቅልያን ይጨምራል። ሌላው ሐዲሱን 27 ላይ አቁሞ ብሉዩን 54 ያደርሰዋል። «የትኛው ነው ትክክሉ?» ስላቸው «አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ» ብለው በአንድምታው ልማድ መለሱልኝ። ድምሩ አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ሁለት ነው፤ ሊቃውንቱም በዚህ ሲጨነቁ አልኖሩም። እኒህ ሰው ሦስት ሰዓት ያህል ሲያስተምሩኝ በአጠገባቸው የነበሩት ደቀ መዛሙርት አራት ናቸው። የጉባኤው አዳራሽ ግን ሞልቶ በደጅ የቆመ ሰው ነበር።

«ከሰማይ የተሰጠ» የሚለው አነጋገርም የአባቶቻችን ትምህርት አይደለም። መተርጉማኑ መጽሐፉን ከመጀመራቸው በፊት ማን እንደ ጻፈው፣ የት፣ ለማን፣ ስለ ምን እንደ ጻፈው ያስቀድማሉ። ሐዋርያው ጴጥሮስ ያለው ቅዱሳን ሰዎች በመንፈስ ቅዱስ ተነድተው ተናገሩ ነው፤ የተነዱት ሰዎች ናቸው። ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር ነገሩን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከታትሎ በየተራው እንደ ጻፈ ይናገራል፤ ጠይቋል፣ መርምሯል፣ አስተካክሏል። ጳውሎስ መጽሐፍ ሁሉ የእግዚአብሔር መንፈስ እንዳለበት በጻፈበት በዚያው መልእክት መጨረሻ ላይ ጢሞቴዎስን በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና የብራና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ይለምነዋል። ክረምት ሳይገባ ና ይለዋል። ብርድ የፈራ እስረኛ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ እግዚአብሔር ሊናገር እንደሚችል አምናለሁ፤ ይህን ስለማምን ነው የጀርመኑ አስተማሪ በመጨረሻ «እንግዲህ ሰዎች ከመረጡት የሰው ሥራ ነው» ሲሉ ያልተስማማሁት። የሰው እጅ መኖሩን ማሳየት የእግዚአብሔርን እጅ አለመኖር አያሳይም። የአገር ቤቱ ሰባኪም የእግዚአብሔርን እጅ ለመጠበቅ ሲል የሰውን እጅ መደበቅ አላስፈለገውም ነበር።

ወደ ጀርመን ስመለስ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ስለ ጉባኤው ጠየቀችኝ። ነገርኋት፤ የይሁዳን መልእክትም አውጥታ ቁጥር 14ን አነበበች። «ሄኖክ ይህን ያለው የት ነው? አሳየኝ» አለችኝ። በቤታችን ያለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1954ቱ ትርጉም፣ ባለ 66ቱ ነው። ሰማንያ አሐዱውን እዚህ ካለው የመጻሕፍት መሸጫችን ካዘዝሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል፤ በጠየቅሁ ቁጥር «ይመጣል» እባላለሁ፤ በዚያው መደርደሪያ ላይ የመዝሙር ሲዲና የግድግዳ ሥዕል ግን ጎድሎ አያውቅም። ጉዳዩን ለሰበካው አስተዳደር ሁለት ጊዜ አመልክቻለሁ፤ ስብሰባው ሁለቱንም ጊዜ በአዳራሽ ኪራይ ክርክር አለቀ።

በሚቀጥለው ሳምንት የምሽቱ አስተማሪ ጎረቤቴን አስከትለው ቤቴ መጡ። «ያን ቀን ያልከኝን ሳስብ ቆየሁ፤ ወረቀቱን አርሜዋለሁ» አሉና አንድ መጽሐፍ በስጦታ ሰጡኝ። ሄኖክ ነው፤ ከግዕዝ ወደ ጀርመንኛ የተተረጎመ። ልጄ ከእጄ ተቀብላ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ገለጠችና፣ ጌታ ከአእላፋት ቅዱሳን ጋር እንደሚመጣ የሚናገረውን ቃል በጀርመንኛ ጮክ ብላ አነበበችልን። ከዚያ ቀና ብላ «በግዕዝስ እንዴት ነው የሚለው?» አለችኝ። እንግዶቹ እኔን ይመለከቱ ነበር። የማሳያት ብራና ቀርቶ አንዲት ወረቀት በቤቴ አልነበረኝም።